ሕንፃው ያው፣ ወጪው ያነሰ፦ የጎጃም ቢሮዎች የመብራት፣ የናፍጣና የውሃ ወጪያቸውን የሚቀንሱበት ዝርዝር መመሪያ

ስለ ቢሮ ወጪ ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ ዕቃ ግዥ ይሄዳል። ሶላር እናስገባ፣ ጀነሬተሩን እንቀይር፣ መስኮቱን እናድስ ይባላል። ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ባሉ ከተሞች ግን ምንም ሳይገዛ ሊተርፍ የሚችል ብዙ ብር አለ። ማታ ሳይጠፉ የሚያድሩ መሣሪያዎች ይበሉታል። የሚያፈስ ሽንት ቤት ይወስደዋል። ለጥቂት ኮምፒውተር ተብሎ የሚነሳ ትልቅ ጀነሬተር ያቃጥለዋል።

ይህ መመሪያ የቆመ ሕንፃ በእጃቸው ላለ ሰዎች ነው። ለጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊዎች፣ ለባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጆች፣ ለኮሌጅ አስተዳደሮች፣ ፎቃቸውን ለቢሮ ላከራዩ ባለንብረቶች። አዲስ ሕንፃ ለሚሠራ ሰው ሌላ ምክር ያስፈልገዋል።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። መጀመሪያ መለካት፣ ቀጥሎ ማጥፋትና መጠገን፣ ግዥ መጨረሻ። የሚያፈስ ሕንፃ ላይ ሶላር የሚሰቅል ሰው ለብክነቱ ጭምር ፓኔል ይገዛል።

1. የ12 ወር ደረሰኝ አውጡ

ፋይናንስ ክፍል ግቡና ያለፈውን ዓመት ወጪ ሰብስቡ። መብራት፣ ውሃ፣ ናፍጣ፣ የጀነሬተር ጥገና፣ ቶነርና ወረቀት። በአንድ ገጽ ላይ በየወሩ አስፍሯቸው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆናችሁ ከሐምሌ እስከ ሰኔ አድርጉት፤ ከበጀት ዓመቱ ጋር ይገጥምላችኋል።

የመብራቱን ስትጽፉ ብሩ ብቻውን አይበቃም። ኪሎዋት ሰዓቱንም፣ ማለትም የተጠቀማችሁትን የኤሌክትሪክ መጠን፣ ጻፉ። የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ ከፍ እንዲል ተደርጓል። ስለዚህ ፍጆታችሁ በደንብ ቀንሶ ሳለ ቢሉ ሊጨምር ይችላል። ብሩን ብቻ የሚያይ ኃላፊ «ይኸው ለፍተን ለፍተን ጨመረ» ብሎ ሥራውን ያስቆመዋል። ኪሎዋት ሰዓቱን የያዘ ሰው ግን ምን እንዳተረፈ ማሳየት ይችላል።

ቢሉ ላይ ያለውን ንባብ ከቆጣሪው ጋርም አመሳክሩ። ንባቡ በግምት ተሞልቶ ከነበረ አንዱ ወር ዝቅ ብሎ ቀጣዩ ወር ይከመራል። እሱን ሳታዩ ወራትን ብታነጻጽሩ ትሳሳታላችሁ።

ናፍጣው ላይ ደግሞ ሊትሩንና ጀነሬተሩ የሠራበትን ሰዓት ለዩ። አብዛኛው ጀነሬተር ፓኔሉ ላይ የሰዓት ቆጣሪ አለው። ማንም አያየውም እንጂ ቁጥሩ እዚያው አለ።

2. ቆጣሪውን ማታና ጠዋት አንብቡ

ከዚህ መመሪያ አንዱን ብቻ ሥሩ ብትሉኝ ይህን እመርጥላችኋለሁ። አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው። ሕንፃው ሰው በሌለበት ምን እንደሚበላ ያሳያችኋል።

ማታ 11:30 ሠራተኛው ሲወጣ የቆጣሪውን ቁጥር በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ጠዋት 2:30 ሰው ሳይገባ ድገሙት። ልዩነቱን በ15 ሰዓት አካፍሉ።

ልዩነቱ 39 ኪሎዋት ሰዓት መጣ እንበል። 39 ለ15 ሲካፈል 2.6 ኪሎዋት ነው። ማንም በሌለበት ሕንፃ ሌሊቱን ሙሉ 2.6 ኪሎዋት እየሠራ አድሯል ማለት ነው። የሥራ ቀናቱን ሌሊት ብቻ፣ 250 ብንል፣ በዓመት 9,750 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ቅዳሜና እሑድ አልተቆጠሩም። ይህን በራሳችሁ ታሪፍ አባዙትና ለአለቃችሁ አሳዩት።

ሌሊት መሥራት ያለበት ጥቂት ነገር ነው። የጥበቃ መብራት፣ ካሜራ፣ የኢንተርኔት ዕቃ፣ አንድ ፍሪጅ። ሰርቨር የሌለው መካከለኛ ቢሮ በግማሽ ኪሎዋት ማደር ይችላል። ከዚያ በላይ ያለውን አድኑት።

የምታድኑት እንዲህ ነው። ኤሌክትሪሺያናችሁን ይዛችሁ ከሥራ ሰዓት በኋላ ቆጣሪው ጋ ቁሙ። በዲጂታል ቆጣሪ ፊት ላይ ብልጭ የምትል ትንሽ መብራት አለች። ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትል እዚያው ተጽፏል፤ 1000 ወይም 1600 ሊሆን ይችላል። 1000 ከሆነ በየ3.6 ሰከንዱ አንዴ ብልጭ ስትል ጭነቱ 1 ኪሎዋት ነው። ቶሎ ቶሎ ካለች ጭነቱ ከዚያ በላይ ነው። አሁን ብሬከሮቹን አንድ በአንድ ያጥፋ፣ እናንተ ብልጭታውን እዩ። የቱ ብሬከር ሲጠፋ መብራቷ ቀስ እንዳለች መዝግቡ። ሰርቨርና ካሜራ ያሉበትን መስመር ቀድማችሁ ለዩ፤ እነሱን አትንኩ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሌሊቱ ሌባ በየትኛው ፎቅ እንዳለ ታውቃላችሁ።

ትልልቅ ሕንፃዎች ላይ የቆጣሪው ንባብ በማባዣ ቁጥር የሚባዛ ሊሆን ይችላል። ማባዣ ካለው ከቢሉ አይታችሁ ወይም ከኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ጠይቃችሁ ያዙ። የብልጭታውም ስሌት በዚያው ይባዛል። አለዚያ 1 ያነበባችሁት 40 ሆኖ ይገኛል።

3. ከዘበኛውና ከጽዳት ሠራተኛዋ ጋር ዙሩ

ሕንፃውን ከኢንጂነር በላይ የሚያውቁት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ማታ የሚያድረውና ማለዳ የምትገባው። ግን ማንም አይጠይቃቸውም።

«ጋሼ፣ ሌሊት ምን ሲሠራ ይሰማሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ሞተሩ ነዋ! ይነሳል፣ ይጠፋል፣ እንዲሁ ሲል ያነጋል» ካሏችሁ ትልቅ ነገር ነገሯችሁ። ውሃ የሚጠቀም ሰው በሌለበት የግፊት ፓምፕ የሚነሳው መስመሩ ላይ የሚያፈስ ነገር ስላለ ነው። አንድ ቀዳዳ ሁለት ቢል እያስከፈላችሁ ነው፤ የውሃና የመብራት።

ጽዳት ሠራተኛዋን ደግሞ ጠዋት ስትገባ የትኛው ክፍል መብራት በርቶ እንደምታገኘው ጠይቋት። የትኛው ሽንት ቤት ወለል ሁሌ እርጥብ እንደሆነ፣ የትኛው ኮርኒስ ክረምት ክረምት እንደሚጠቁር። የምትላችሁን ጻፉ። ስሟንም ጻፉ፤ ቁጠባው ሲሳካ ምስጋናው የእሷም ነው።

4. ብር የማይጠይቁትን ሥሩ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ገንዘብ የማያስወጣ ስለሆነ ተንቆ ይታለፋል እንጂ ከሁሉ ቶሎ የሚመለስ ትርፍ ነው።

ማሞቂያ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብላ ያለች ከተማ ናት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቢሮ ውስጥ ጋቢ ቢደረብ አይገርምም። እንጅባራም ብርዱ ያው ነው። ሰው ከቤቱ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይዞ ቢመጣ አይፈረድበትም። ግን አንዱ ማሞቂያ 2,000 ዋት ነው። አምስት ማሞቂያ በቀን አራት ሰዓት ቢሠራ 40 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በ22 የሥራ ቀን 880። ማሞቂያውን በማስታወቂያ ከመከልከላችሁ በፊት የብርዱን ምክንያት ዝጉ። በሩ ሥር ክፍተት አለ? መስኮቱ ይገጥማል? የተሰበረው መስታወት ካርቶን ተለጥፎበት ስንት ዓመቱ ነው? ክፍተቱን በላስቲክና በስቱኮ መድፈን የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ጠዋት ፀሐይ የሚያገኙ ክፍሎችን ብዙ ለሚቀመጡ ሠራተኞች ስጡ፤ ጥላ የሚውለውን ለመዝገብ ቤት አድርጉት። ብርዱን ሳይነኩ ማሞቂያውን መከልከል ሠራተኛን ማስከፋት ብቻ ነው። ማሞቂያውም ጠረጴዛ ሥር ተደብቆ ይቀጥላል።

ሻይ። በየክፍሉ ስቶቭና ማፍያ ካለ ሁሉም ከ1,500 እስከ 2,000 ዋት ይበላል፤ ለአደጋም ያጋልጣል። በአንድ ቦታ አፍልቶ በፔርሙዝ ማደል ሁሉንም ይገላግላል።

ክበቡ። ይህን ብዙ መሥሪያ ቤት ይረሳዋል። የሻይ ክበቡ በግቢው ውስጥ በኪራይ የሚሠራ ከሆነ የማንን መብራት ነው የሚጠቀመው? አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይወስዳል። ሦስት ሰዓት ከተጋገረበት በቀን 10 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። እሱ በመሥሪያ ቤቱ ቢል ውስጥ ተደብቆ ከኖረ ተከራዩን አትውቀሱት፤ ውሉ ነው የሳተው። ንዑስ ቆጣሪ ግጠሙና በሚቀጥለው ውል ላይ በግልጽ ጻፉት። ምድር ቤቱን ለሱቅ ያከራዩ ባለፎቆችም ይኸው ይመለከታቸዋል። በደፈናው «መብራትን ጨምሮ» ተብሎ የተከራየ ሱቅ ፍሪጅ ለመጨመር አይሳሳም።

ኮምፒውተር። ዴስክቶፕ ከነስክሪኑ ከ80 እስከ 150 ዋት ሊወስድ ይችላል። የምሳ ሰዓት ላይ ራሱ እንዲተኛ ማስተካከል የአይቲ ባለሙያው የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ፎቶ ኮፒ ማሽን ስንት ጊዜ ሳይጠፋ እንደሚያድር እዩ፤ ሌሊቱን ሙሉ ራሱን እያሞቀ ሊቆይ ይችላል። ዲቫይደሩን ከግድግዳው መንቀል ሳይሆን ማብሪያ ማጥፊያ ያለውን ገዝቶ ማታ መንካት ይቀላል።

ማብሪያዎቹን ደግሞ ስም ስጧቸው። ስድስት ቁልፍ የተደረደረበት ሳጥን ላይ የቱ የየትኛው መብራት እንደሆነ ካልተጻፈ ሰው ሁሉንም ያበራል። ብዕርና ፕላስተር ይበቃል።

5. ጀነሬተሩን በልኩ አሠሩት

የጎጃም ቢሮ ስለ አካባቢ ብክለት ከልቡ ካሰበ መጀመሪያ ማየት ያለበት ጀነሬተሩን ነው። ከመስመር የምንወስደው ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውሃ ኃይል የሚመጣ ነው። ጢስ ዓባይ እዚሁ አጠገባችን ነው፤ 460 ሜጋዋት የሆነው ጣና በለስም የሚሠራው በጣና ውሃ ነው። ስለዚህ አምፖል ማጥፋት በዋናነት የሚያተርፈው ብር ነው። ናፍጣ ግን ሌላ ነው። አንድ ሊትር ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፣ በወረፋ ይቀዳል፣ ግቢውን ያጨሳል።

ዋናው ጥፋት ያለው በመጠኑ ላይ ነው። ጀነሬተር በቂ ጭነት ሲኖረው ከአንድ ሊትር ናፍጣ ወደ 3 ኪሎዋት ሰዓት ሊሰጥ ይችላል። ከአቅሙ ሩብ ብቻ ሲጫንበት ከ2 በታች ይወርዳል። ኤሌክትሪኩ ቢያንስም ሞተሩ መዞሩን አይተውም። ከዚህ ሌላ በትንሽ ጭነት ብዙ የሚሠራ የናፍጣ ሞተር ነዳጁን ጥርግ አድርጎ አያቃጥልም። ጭስ ማውጫው ይዘፍታል፣ ጥገናው ይበዛል። ባለ 50 ኬቪኤ (የጀነሬተር አቅም መለኪያ ነው) ትልቅ ጀነሬተር ለስምንት ኮምፒውተርና ለአንድ ፕሪንተር ሲነሳ የሚሆነው ይህ ነው።

ምን ይደረግ?

የሥራ ሰዓቱን መመዝገቢያ ደብተር አዘጋጁ። ስንት ሰዓት ተነሳ፣ ስንት ሰዓት ጠፋ፣ ምን ያህል ተሞላ፣ ማን አስነሳው። ደብተሩ ብቻውን ፍጆታውን ይቀንሳል፤ የሚጻፍ ነገር ይጠየቅበታል።

መብራት በሄደ ቁጥር ወዲያው አታስነሱ። ሥራ የማይቆምበትን ለይታችሁ ለእሱ ብቻ የባትሪ መጠባበቂያ ስጡት። የኢንተርኔት ዕቃው፣ የገንዘብ መስኮቱ፣ የመዝገቡ ኮምፒውተር። ኮምፒውተር ሲያረጅ በላፕቶፕ ተኩ። ላፕቶፕ ከ20 እስከ 50 ዋት ይበቃዋል፤ በራሱ ባትሪም ሁለት ሦስት ሰዓት ይሠራል። አጭር መቋረጥ ያለ ናፍጣ ያልፋል።

የጀነሬተሩን መስመር ለዩ። መብራት ሲሄድ ጀነሬተሩ ስቶቩንና ማሞቂያውንም አብሮ የሚያንቀሳቅስ ከሆነ ሻያችሁ በናፍጣ እየፈላ ነው። ኤሌክትሪሺያን ወሳኝ የሆኑትን በአንድ ሳጥን ሰብስቦ ጀነሬተሩን በእነሱ ላይ ብቻ ማሰር ይችላል። ይህን ካደረጋችሁ በኋላ ያለው ጀነሬተር ከልክ በላይ ትልቅ ሆኖ ከተገኘ ጎረቤት መሥሪያ ቤት ጋር መቀያየርን ወይም መሸጥን አስቡ። ለጭነታችሁ ልክ የሆነው ያዋጣል።

6. መብራቱን ቀይሩ፣ ግን ቆጥራችሁ

ሸምበቆ የሚባለው ባለ 120 ሴንቲ ሜትር መብራት 36 ዋት ነው። የድሮ ባላስት (መብራቱን የሚያስነሳው ዕቃ) ካለው ባላስቱ ራሱ ስምንት ዋት ገደማ ይጨምርበታል። በኤልኢዲ ሲተካ 18 ዋት ይሆናል። አንዱ ላይ 26 ዋት ተረፈ። 40 ሸምበቆ ያለው ቢሮ በቀን ዘጠኝ ሰዓት ካበራ በ250 ቀን 2,340 ኪሎዋት ሰዓት ይቀንሳል።

ሁሉንም በአንድ ቀን አትቀይሩ። መጀመሪያ ኮሪደር፣ ደረጃ፣ የጥበቃ መብራትና ፀሐይ የማያገኙ ክፍሎች። ብዙ ሰዓት የሚበራው ቶሎ ይመልሳል። በሳምንት አንዴ የሚከፈተውን መጋዘን ተዉት፤ ሲቃጠል ይቀየራል። ርካሹን ኤልኢዲ በጅምላ አትግዙ። አምስት ገዝታችሁ ለሁለት ወር ሞክሩና ከጸኑ ጨምሩ። ዋስትና ያለውን ምረጡ፣ ደረሰኙን ያዙ።

ከመቀየራችሁ በፊት ግን መስኮቱን እጠቡ። ግድግዳውን ነጭ ቀቡ። መስኮቱን የጋረደውን የፋይል መደርደሪያ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አዙሩ። በጎጃም ሰማይ ሥር በበጋ ቀን ቀትር ላይ መብራት አብርቶ የሚሠራ ቢሮ ብዙ ጊዜ ችግሩ የመደርደሪያ አቀማመጥ ነው።

7. ሙቀት ላለባችሁ

ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ከሰዓት በኋላ ቢሮ ውስጥ መቀመጥ ይከብዳል፤ በተለይ ፊቱ ሙሉ መስታወት በሆነ ሕንፃ ውስጥ። መስታወቱ ለዓይን ያምራል፤ ከሰዓት ፀሐይ ሲመታው ግን ሙቀቱን አስገብቶ ይይዘዋል።

ለምን ምዕራቡ እንደሚከፋ ማወቅ ይጠቅማል። እኛ ከምድር ወገብ ብዙ አንርቅም፤ ቀትር ላይ ፀሐይዋ ከራሳችን በላይ ወይም ወደዚያ ቅርብ ናት። አጭር የጣሪያ ክንፍ ለደቡቡ መስኮት ይበቃዋል። ጠዋትና ማታ ግን ፀሐይ ዝቅ ብላ በቀጥታ ትገባለች። ክንፍ አይከልላትም። የምሥራቁ ጠዋት አየሩ ቀዝቃዛ ሳለ ስለሆነ ይቻላል፤ የምዕራቡ ግን በሞቀ ቀን ላይ ይደረባል።

ስለዚህ ብሩን ምዕራብ ላይ አውሉት። መከለያው ከውጭ ይሁን። መጋረጃ ፀሐይዋን የሚያስቆማት ከገባች በኋላ ነው፤ ሙቀቱ ውስጥ ቀርቷል። ከውጭ የሚሰቀል የቀርከሃ ወይም የእንጨት ርብራብ፣ ሸራ፣ ተንጠልጣይ ሐረግ ከመስታወቱ በፊት ይይዛታል። ቀርከሃ ደግሞ ከአዊ ደጋ እንደልብ ይመጣል። ግቢ ካላችሁ ከምዕራብ በኩል ዛፍ ትከሉ። ዋንዛ ቦታ ካለው ጥላው ደህና አድርጎ ይሰፋል። ከመሠረቱ ግን አርቁት።

የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚሠራ ሰው ሙቀቱ ከላይ እንደሚወርድበት ያውቃል። ጣሪያውን ነጭ መቀባትና ከኮርኒሱ በላይ መከላከያ ማንጠፍ ሁለቱም ይረዳሉ። ማለዳ መስኮቶችን ከሁለት አቅጣጫ ከፍታችሁ የሌሊቱን ቅዝቃዜ አስገቡ። እኩለ ቀን ሲቃረብ ፀሐይ በሚመታው በኩል ያለውን ዝጉ።

ኤሲ ያላችሁ 25 ላይ አድርጉት። 18 ላይ ማድረግ ክፍሉን ቶሎ አያቀዘቅዘውም፤ መሣሪያውን ያለ ዕረፍት ያሠራዋል እንጂ። ማጣሪያውን በወር አንዴ እጠቡ። ኤሲ ያለበት ክፍል በሩ ተከፍቶ የሚውል ከሆነ ኮሪደሩን እያቀዘቀዛችሁ ነው።

8. ውሃ

ሽንት ቤት በዝምታ ያፈሳል። የሚያፈሰውን ለማወቅ የውሃ መያዣ ሳጥኑ ውስጥ ጥቂት ጥቁር ቡና ጨምሩ። 20 ደቂቃ ማንም እንዳይለቅበት አድርጉ። ቡናው መቀመጫው ውስጥ ከታየ የላስቲኩ መዝጊያ አልቆበታል። እንዲህ ያለ አንድ ሽንት ቤት በቀን 200 ሊትርና ከዚያ በላይ ሊያስወጣ ይችላል። ላስቲኩ ግን ርካሽ ዕቃ ነው። በየሴኮንዱ አንድ ጠብታ የሚጥል ቧንቧም በቀን 20 ሊትር ገደማ ይጥላል።

የጣሪያውን ሮቶ ውጡና እዩ። የሚንሳፈፈው ኳስ ውሃውን በጊዜ ካልዘጋ በትርፍ ማስወጫው እየፈሰሰ ያድራል። ግድግዳው ላይ የወረደ አረንጓዴ ሻጋታ ካያችሁ ለረጅም ጊዜ ሲፈስ እንደቆየ እወቁ። ውሃው በፓምፕ የሚወጣ ከሆነ ለፓምፑም ከፍላችኋል።

በአሮጌ ሽንት ቤት የውሃ ሳጥን ውስጥ ውሃ የተሞላ የአንድ ሊትር ሃይላንድ ክታችሁ አስቀምጡ። በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ ሊትር ይቀራል። 60 ሠራተኛ በቀን ሁለት ሁለት ጊዜ ቢጠቀም በዓመት 30,000 ሊትር ነው። ጠርሙሱ መዝጊያውን እንዳይነካ ብቻ ተጠንቀቁ።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። የክረምት ውሃ። ጎጃም በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚያገኝ አገር ነው፤ አብዛኛውም ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሊትር ነው። 400 ካሬ ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 4,000 ሊትር ነው። ፈሶና ተረጭቶ የሚቀረውን ብናነሳ እንኳ ወደ 3,200 ይያዛል። እንዲህ ያለ ሦስትና አራት ዝናብ ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ ይሞላል። በሐምሌ ይህ የጥቂት ቀን ጉዳይ ነው። እኛ ግን በዚያው ወር ሽንት ቤት የምናጸዳው በተከፈለበት የቧንቧ ውሃ ነው። በአሸንዳው የሚወርደው ደግሞ ግቢውን ያጨቀያል፣ መሠረቱን ይሸረሽራል።

ሥራው ከባድ አይደለም። በግንቦት መጨረሻ አሸንዳውን ጥረጉ፤ ቅጠልና የወፍ ጎጆ አይጠፋበትም። የመውረጃ ቱቦውን ወደ ሮቶው መልሱት። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች አቧራና ኩስ ይዘው ስለሚወርዱ ወደ ውጭ ልቀቋቸው። ለትንኝ መከላከያ አፉ ላይ ወንፊት አድርጉ። ይህን ውሃ ለሽንት ቤት፣ ለወለል፣ ለመኪና እጥበትና ለችግኝ ተጠቀሙበት። ለመጠጥ አይደለም።

9. ወረቀት

አጭር ነው። ፕሪንተሩን በሁለት ገጽ እንዲያትም አስተካክሉ። ረቂቅ በስክሪን ይታረም። በየክፍሉ ያለውን ትንሽ ፕሪንተር በፎቅ አንድ ሁነኛ ማሽን ብትተኩ ቶነር ላይ ታተርፋላችሁ።

10. አሁን ስለ ሶላር

እስከዚህ ከሠራችሁ ጭነታችሁ ወርዷል። አሁን የምትገዙት ሲስተም ያነሰ ነው፤ ዋጋውም እንደዚያው።

የሚያስፈልገውን ብቻ አስሉ። 20 ላፕቶፕ በ40 ዋት 800 ነው። 40 ኤልኢዲ በ18 ዋት 720 ነው። የኢንተርኔት ዕቃ 100። ተደምሮ 1.6 ኪሎዋት ገደማ። ስምንት ሰዓት ሲሠራ 13 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በእኛ ፀሐይ 1 ኪሎዋት ፓኔል በበጋ ቀን 4 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ይሰጣል፤ በክረምት ደመና ያንሳል። ስለዚህ የ3 ኪሎዋት ሲስተም ይህን ቢሮ በደህና ቀን ከሞላ ጎደል ይችለዋል። 5 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ደግሞ መብራት ሲሄድ ይህንኑ ጭነት ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ያቆየዋል። ማሞቂያ፣ ስቶቭና ምጣድ እዚህ መስመር ላይ አይግቡ።

ፓኔሉ ወደ ደቡብ ትንሽ ያዘንብል፤ የዛፍ ወይም የሮቶ ጥላ አይረፍበት። በበጋ አቧራውን በየሁለት ሳምንቱ በውሃ አጽዱ፤ ማለዳ ሳይሞቅ።

ግዥው ያዋጣ እንደሆነ ለማወቅ ዋጋውን በዓመት ለሚያስቀረው ብር አካፍሉ። 60,000 ብር የሚፈጅ ሥራ በዓመት 30,000 ካስቀረ በሁለት ዓመት ራሱን ከፈለ። የሶላሩን ስሌት ስትሠሩ ከመብራት ቢሉ ይልቅ ከሚያስቀረው ናፍጣና ከጀነሬተር ጥገናው ጋር አነጻጽሩት። እውነተኛው ትርፍ እዚያ ላይ ነው። ጀነሬተር የማያበዛ ቢሮ ሶላሩን ቢያቆየው ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ስለ አረንጓዴ ሕንፃ ምስክር ወረቀትም ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። ለነባር ሕንፃ አያያዝ የሚሰጠው የአሜሪካኖቹ ሊድ አለ። የዓለም ባንክ ቡድን አካል የሆነው አይኤፍሲ ያዘጋጀው ኤጅ ደግሞ በኃይል፣ በውሃና በግንባታ ዕቃ ቢያንስ 20 በመቶ ቁጠባ ይጠይቃል። ዓለም አቀፍ ተከራይ ለምትፈልጉ ይጠቅማል። ለሌላው ደብተሩና ቆጣሪው በቂ ናቸው።

11. ሥራውን ለሰው ስጡት፣ በጀቱንም ጠብቁ

ለሁሉም የተሰጠ ሥራ የማንም አይደለም። አንድ ሰው በደብዳቤ መድቡ። በየወሩ መጀመሪያ ቆጣሪውን ያንብብ፣ የሌሊቱን ፍጆታ በወር አንዴ ይለካ፣ ውጤቱን በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጥፍ። በኪሎዋት ሰዓት፣ በሊትር፣ በብር። በየፎቁ ማታ የሚዘጋ ሰው በስም ይታወቅ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው እንደሚባለው፣ አንድ ሰው ብቻውን እየዞረ ሲያጠፋ መኖር የለበትም።

ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አንድ ነገር ልጨምር። ቆጥባችሁ የተረፈው ብር ሰኔ 30 ሲደርስ ተመላሽ የሚሆን ከሆነ የሚቀጥለው ዓመት ማንም አይቆጥብም። ስለዚህ ከጅምሩ ከፋይናንስ ጋር ተነጋገሩ። ከመብራትና ከነዳጅ የተረፈው ወደ ሕንፃ ጥገና እንዲዘዋወር የበጀት ዝውውር ጥያቄ አቅርቡ። ከጥያቄው ጋር የስድስት ወሩን የኪሎዋት ሰዓትና የናፍጣ ሊትር ሰንጠረዥ አያይዙ። የሚጠገነውንም በዝርዝር ጻፉ፦ ይህን ያህል ኤልኢዲ፣ ይህን ያህል የሽንት ቤት ላስቲክ፣ አንድ ሮቶ ከነአሸንዳው። ጥያቄው ከግንቦት በፊት ይግባ። በሰኔ የሚገባ ጥያቄ ከሒሳብ መዝጊያ ጋር ይጋጫል፤ ሮቶውም ዝናቡ ካለፈ በኋላ ይደርሳል።